ማን ልበል?

ባለፈው ሰሞን ዓይኔን ለመታየት ወልድያ ወርጄ ስመለስ ነው ነገሩ የተነሣብኝ። ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚመጣው ሚኒባስ፣ ልክ ከሹፌሩ ኋላ፣ የመድኃኒቴን ፌስታል ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ሹፌሩ ልጅ እግር ነው፤ ዘፈን ከፍቷል፤ እኔም ዓይኔ ቢደክም ጆሮዬ አልደከመምና ራሴን እየነቀነቅሁ አዳምጣለሁ። መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር ከኋላ አንድ ጎልማሳ «አጥፋው ይሄን ሰውዬ» አለ። ሹፌሩ «ምን አረገህ?» አለው። «ባለፈው የተናገረውን አልሰማህም? ዘፋኝ ዘፈኑን ይዝፈን እንጂ ፖለቲካ ምን አገባው?» ከጎኑ ያለው ተቀበለው። ነጠላዋን የተከናነበች አንዲት ደርባባ ሴት እንኳ «እኔማ ከስልኬ ላይ ነው ጠርጌ ያጠፋሁት፤ ሠርጌን በሱ ዘፈን ደግሼ» አለች። ሹፌሩ ሰው ተቆጣበትና አጠፋው። እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። ዘፋኙን ስለማውቀው አይደለም፤ ምን እንደተናገረም አላውቅ። ያቺን «ፖለቲካ ምን አገባው» የምትል ቃል ግን አውቃታለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ መደቤ ላይ ተብላለች፤ ስትባልም ብርሌ እያጠብኩ ዝም ብያለሁ።

የሺ እባላለሁ። ዛሬ የልጆቼን እጅ የማይ አሮጊት ብሆንም፣ ያኔ ላሊበላ ከቅዳሜ ገበያው ቁልቁል ሲወረድ በስተግራ ያለው ጠጅ ቤት የኔ ነበር። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ደርግ ወድቆ፣ አዲሶቹ ገብተው ተደላድለው የተቀመጡበት፣ መብራት ለጥቂት ሰዓት ብልጭ ብሎ የሚጠፋበት፣ አውሮፕላን ሲመጣ ሕፃን ሽማግሌው ሥራውን ጥሎ ቀና የሚልበት ዘመን ነው። ብርሌዋን በአንድ ብር ከስሙኒ እሸጣለሁ፤ ደንበኛ ከሆነ ስሙኒዋን እተውለታለሁ። ማሩን ከብልባላ ነው የማስመጣው፤ ጌሾውን ራሴ ካልመረጥኩ አላምንም። ወንዱ ካኪ ሱሪና የላስቲክ ጫማ አድርጎ፣ ጋቢውን ጣል አድርጎ፣ አህያውን በር ላይ አስሮ ይገባል። ሴቱ የወልድያ ነጋዴዎች በሚያመጡት አበባ አበባ ባለው ሽፎን አብዷል። እኔ ብርቱካንማ ሻሽ ነበረችኝ፤ ማዶ ለማዶ የምትታይ። «የሺን ካጣችኋት ሻሿን ተከተሉ» ይሉ ነበር። ካህኑም ገበሬውም ድንጋይ ጠራቢውም እኔ መደብ ላይ ትከሻ ለትከሻ ነበር የሚቀመጠው። ዛሬ በዚያ ቦታ ላይ መስተዋት በመስተዋት የሆነ ፎቅ ቆሟል፤ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

አዝማሪ ፈጠነ ቅዳሜ ቅዳሜ ከረፋዱ ጀምሮ እኔ ቤት ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥርሱ ፍንጭት፤ አንድ ፈረንጅ ትቶለት የሄደውን ሰፊ ባርኔጣ ክረምት ከበጋ አያወልቅም። ሚስቱ ጥሩወርቅ አብራው ትመጣለች፤ ታጨበጭባለች፣ ዜማ ትቀበላለች፣ ትከሻዋን ስትሰብቀው የጠጪው ብርሌ አፍ ላይ ሳይደርስ ይቀራል። ማሲንቆውን ከአቅማዳው ሲያወጣ የፈረስ ጭራውን በሙጫ ያሻሻል፤ ያ የሙጫ ሽታ እስከ ዛሬ ድረስ ከየትም ቢመጣ ቅዳሜ ይመስለኛል። የሥራውን ደንብ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ጠጪው ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል። ይኼን ሁሉም ያውቃል። የፈጠነ ግን እዚያ ላይ አያበቃም። ስንኙን ከጨረሰ በኋላ ደጋኑን ከጭራው ላይ አንሥቶ፣ ቤቱን ጸጥ አሰኝቶ፣ ሰጪውን ዓይን ዓይኑን እያየ «ማን ልበል?» ይላል። ሰውየው ስሙን ይነግረዋል። ፈጠነም በስሙ ያወድሰዋል፣ ዘር ማንዘሩን ይመርቀዋል፣ እድሜ ይለምንለታል። ስም ሳይጠሩ የሰው ግጥም መዝፈን እሱ ዘንድ ስርቆት ነው። አንድ ወጣት አዝማሪ የሌላውን ስንኝ የራሱ አስመስሎ ሲያዜም ሰምቶ «የሰው በግ አርደህ ትበላለህ?» ብሎ ሲቆጣው፣ ልጁ ማሲንቆውን ይዞ ሊወጣ ነበር። «አባቴ ያወረሰኝ ይኼን ነው» ይል ነበር፤ «ማሲንቆው ይሰበራል፣ ድምፅ ይዘጋል፣ ስም ግን አይበላም።»

በዚያ ዓመት ላስታ ላይ ዝናብ እንቢ አለ። ደመናው አሸተን ማርያም ተራራ ላይ ይወጣና እኛን አይቶ ይመለሳል። ማሳው ቡቃያ ላይ ደረቀ፤ የእርዳታ ስንዴ መጣ። መምጣቱስ መጣ፤ ማን ይውሰድ ማን ይቅር የሚለው መዝገብ በኮሚቴ እጅ ነበር። ከስብሰባ የቀረ ይሰረዛል። ተሰብስቦ ጥያቄ ያበዛም ይሰረዛል። ይህንን መንገድ ላይ የሚናገር አልነበረም፤ «ዝም አይነቅዝም» ተብሎ ሁሉም አፉን ይዞ ነው የሚሄደው። እኔ ቤት ሲገባ ግን፣ ሁለተኛዋን ብርሌ ሲይዝ፣ ያ የታፈነ ሁሉ በግጥም ይወጣል። አያ ካሳው የሚባሉ ገበሬ ነበሩ፤ ከከተማው በታች የሚያርሱ፣ ቁጥብ፣ ሲናገሩ ግን ጨው ያለው የሚናገሩ። አንድ ቅዳሜ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና «ተቀበል ፈጠነ» አሉ።

«ሚዛኑ ደህና ነው ሰፋሪው ዘመመ፣
ዘመዱ ጠገበ ጎረቤት ታመመ።»

ቤቱ ጉድ አለ። ፈጠነ ሦስቴ ደጋግሞ አዜመውና «ማን ልበል?» አለ። «ካሳው በል፤ የማንን ልታወርሰኝ ነው?» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። መሪጌታ ይትባረክም፣ የድጓ መምህሩ፣ ጥግ ተቀምጠው እየሣቁ ከዚያ የባሰ ሰጡ፤ በየሳምንቱም ይሰጡ ነበር። ማንም ምንም አልሆነም። የኮሚቴው ሰዎች ራሳቸው እኔ ቤት ጠጥተው፣ ሰምተው፣ ሥቀው ይሄዱ ነበር። ዘፈን ነዋ፤ በዘፈን ማን ይከሰሳል።

እኔ ግጥም ሰጥቼ አላውቅም ነበር። የጠጅ ቤት ባለቤት ትቀዳለች፣ ትሰማለች፣ አፏን ትጠብቃለች። የኋላ ኋላ ግን እህቴ አልጋነሽ ከገነተ ማርያም መጣች። ባሏ የሞተባት፣ አራት ልጅ የምታሳድግ። ስብሰባ ላይ «ባለፈው ወር የቀረብን የት ደረሰ?» ብላ በመጠየቋ ከመዝገብ ተሰርዛለች። ከጓዳ ቂጣ ሰጥቻት ተመለስኩ። ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ ማንቆርቆሪያዬን እንደያዝኩ ቤቱ መሀል ቆሜ «ተቀበል አያ ፈጠነ» አልኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ስንዴው ለራበው ነው ሲሉኝ ደስ እያለኝ፣
ለዝም ባይ ሆነና ምላሴ አስራበኝ።»

የእህቴን ነገር በእህቴ አፍ መናገሬ ነው። ፈጠነ ወዲያው አላዜመውም። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ሲያወልቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ እንዲህ ቀስ አድርጎ፣ ጥሩወርቅም ሳታጨበጭብ፣ አዜመው። አያ ካሳው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «ማን ልበል፣ እመቤቴ?» አለኝ። «የሺ በል» አልኩት። እንደ ደንቡ ስሜን እያነሣ ሲመርቀኝ ቤት ሙሉ ሰው «አሜን» አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም፤ ምን ያደርጋል።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ትልቅ ስብሰባ ተጠራ። አለቆቹ ከወረዳ መጥተዋል፤ አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ። ፈጠነ የተጠራው ሕዝቡን እንዲያሟሙቅ ነበር፤ እንደ ወትሮው ስለ ልማቱ ሁለት ሦስት ስንኝ ብሎ እንዲቀመጥ። ወጣ፤ ማሲንቆውን ወንበር ላይ አስቀመጠ። «ዛሬ አልዘፍንም፤ ልናገር» አለ። እኔ ቀልድ የሚጀምር መስሎኝ ነበር። «ጎረቤቴ አራስ ናት» አለ። «አራስ ሆና ከስብሰባ ቀረች ተብላ ተሰረዘች። ልጇን የምታጠባው ጡት ደርቋል። ይኼ ስንዴ የሚሰጠው ለተራበ ነው ወይስ ላጨበጨበ?» ሰብሳቢው አልተቆጣም፤ እርሳሱን ያዘና «ይሄ የግልህ አስተያየት ነው?» አለው። «የለም፣ የሕዝቡ ነው።» «ሕዝብ ማለት ማን ነው? በጥቅል አትናገር። በስም ጥቀስ።»

ያን ዘመን የኖረ ሰው ያቺን ቃል ያውቃታል። ግምገማ ላይ «በስም ጥቀስ» ሲባል ብልጥ የሆነ ሰው እግሩን ያክካል፣ ያስላል፣ ረሳሁት ይላል። ፈጠነ ግን አዝማሪ ነው። ሰጪው ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ፊቱ በራ፤ በዓይኔ ነው ያየሁት፤ በራ። ያደገበት ደንብ ነው፤ የሰውን ቃል በሰውየው ስም ማክበር። አርባ ዓመት ራሱ ሲጠይቀው የኖረውን ጥያቄ አለቃ ጠየቀው። «ደስ እያለኝ» አለ። «‹ሚዛኑ ደህና ነው› ያሉት አያ ካሳው ናቸው፤ እድሜ ይስጣቸው፣ ያውላችሁ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ይኼን ደግሞ ያሉት መሪጌታ ይትባረክ ናቸው፤ እጃቸው ይባረክ» ብሎ የሳቸውንም ስንኝ አለላቸው። እኔ ከሴቶቹ ወገን ተቀምጫለሁ። ልጩህ ልል አፌ እንቢ አለኝ። እየገደላቸው መሆኑን አላወቀም፤ እያከበራቸው መስሎታል።

አያ ካሳው ተነሡ። ፊታቸው አመድ ሆኗል። «እኔ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አልወጣም» አሉ። «ይሄ ሰው ወይ ሰክሯል ወይ ልኮታል የላከው።» ቤት ሙሉ ሰው የሰማቸው ሰውዬ ናቸው። መሪጌታም ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ «አዝማሪ የሰማውንም ያልሰማውንም ይላል፤ እኔ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ» አሉ። ፈጠነ ከአንዱ ወደ አንዱ ያያል። መጀመሪያ የሣቁበት መሰለው፤ ቀጥሎ ገባው መሰለኝ፣ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያዞረው ጀመር። ሰብሳቢው ግን አልለቀቀውም። «‹ለዝም ባይ ሆነና› የሚባል ደግሞ አለ አሉ። ከተማው ሁሉ ያዜመዋል። እሱስ የማን ነው?»

ፈጠነ ወደ ሴቶቹ ዞረ። አየኝ። እኔም አየሁት። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ራሴን ነቀነቅሁበት። እንዲህ፣ በቀስታ፣ ሁለቴ። አትበል ማለቴ ነው። ያቺን ብርቱካንማ ሻሼን እንኳ በነጠላዬ ሸፍኛታለሁ። ፈጠነ ዓይኑን ከኔ ላይ ነቀለና ሰብሳቢውን አየ። «እሱ የራሴ ነው» አለ። ያ ሰው፣ የሰው ስንኝ ነካህ ብሎ ልጅ የሚቆጣ ሰው፣ በሺህ ሕዝብ ፊት «የራሴ ነው» አለ።

ከአዳራሹ ስንወጣ ያየሁትን እስከ ዛሬ ማመን ያቅተኛል። ሁለት ጠባቂዎች ፈጠነን ወደ ጣቢያ ሲወስዱት ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ ይሰድበዋል። አለቆቹን አይደለም፤ እሱን። «ጆሮ ጠቢ» ይሉታል። በሠርጓ የዘፈነላት ልጅ እበት አንሥታ ወረወረችበት፤ ባርኔጣው ላይ አረፈ። ትናንት ስንኙን አፍ በአፍ ሲቀባበሉት የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ጨርሶ ሌላ አገር የገባሁ ነበር የመሰለኝ። የአያ ካሳውና የመሪጌታ ስም በዚያ ወር ከመዝገብ ወጣ፤ በዚህ ላይ ቁጣው ባሰ። ከሳምንታት በኋላ ተፈትቶ፣ ቅዳሜ ከረፋዱ፣ እንደ ልማዱ፣ ብቻውን ግን፣ ወደ ቤቴ መጣ። ከስቷል እንጂ ማሲንቆውን በሙጫ አሽቶ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። አያ ካሳው መደቡ ላይ ነበሩ። ምንም ሳይናገሩ ብርሌያቸውን ገልብጠው መሬት ላይ ደፉት። ያን ያየ ሁሉ እየተነሣ ደፋ። የቤቴ ወለል በጠጅ ጨቀየ። «አዝማሪ ዘፈኑን ይዝፈን እንጂ ፖለቲካ ምን አገባው?» አሉ አያ ካሳው፤ ለሱ ሳይሆን ለግድግዳው። ተራ በተራ ወጡ።

ሁለታችን ቀረን። አመሰገንኩት? አልቅሼ እግሩ ላይ ወደቅሁ? ኧረ ወዲያ። «አያ ፈጠነ፣ እስቲ ነገሩ እስኪበርድ ለጊዜው ባትመጣ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ያቺን ቀን አንሥቶ አንድ ቃል ቢናገረኝ እንዴት ጥሩ ነበር። «እሺ፣ እመቤቴ» አለ፤ «ቤትሽን እግዜር ይጠብቀው።» ማሲንቆውን ከአቅማዳው ከትቶ፣ የተደፋውን ጠጅ እንዳይረግጥ ዳር ዳሩን እየሄደ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን፣ እህል በምለቅምበት ሰዓት፣ ጥሩወርቅ በየቤቱ ዞራ ስትለምን ቆይታ እኔ ዘንድ መጣች። አልተቀመጠችም። «እትየ የሺ፣ ሠርግ የሚጠራን የለም። ልጆቼ ውኃ ሲቀዱ ይደበደባሉ። አንድ ቃል ብቻ ተናገሪ» አለችኝ። «ምን ልበል?» «‹ያቺ ግጥም የኔ ናት፤ እኔን ግን አልጠራኝም› በያቸው። ጆሮ ጠቢ ቢሆን ማንን ያስቀድም ነበር? አንቺን አይደል?» እውነቷን ነበር። በአንዲት ዐረፍተ ነገር የሰውየው ስም ይጸዳል። እኔ ግን የንግድ ፈቃዴን አሰብኩ፤ ቤቱ ቢዘጋ አሰብኩ። «ልጆች አሉኝ፣ ጥሩወርቅ» አልኳት። «እኔም አሉኝ» አለች። ይቺን ብላ ወጣች። ሰምታችሁኛል፤ ለራሴ የማወጣው ሰበብ የለኝም። ፈርቼ ነው። በወሩ ጓዛቸውን በአንድ አህያ ጭነው ሄዱ፤ ወዴት እንደሄዱም የጠየቀ የለም።

ዘመን ነጎደ። ብርሌዋ አምስት ብር ገባች፣ ዐሥር ገባች፤ ኮንጎ ጫማ ቀርቶ ስኒከር መጣ፤ ካሴት ቀርቶ ሲዲ፣ ሲዲ ቀርቶ ፍላሽ። ፈረንጁ በዛ፣ ሆቴሉ በዛ። አለቆቹ ሲቀያየሩ ወንበሩ ግን ያው የነሱው ነበር። መሪጌታ ይትባረክ አረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። አንድ ጥር ላይ የእህቴ የአልጋነሽ ልጅ ብልባላ ተዳረችና ሄድን። ዳሱ ተጥሏል፣ ፀሐይ ሞቅ ብላለች፣ የቀበሌው ሹሞች ከፊት በክብር ተቀምጠዋል። አያ ካሳውም በምርኩዝ መጥተው ከጎኔ ናቸው። ከከተማ የተጠራው ባለ ኦርጋን መኪናው ተበላሽቶ ቀረ፤ የሙሽራው ወገን ተሸበረ። አንድ ሰውዬ «እዚህ ከወንዙ ማዶ አንድ ሽማግሌ አዝማሪ አለ» አለ። ሄደው አመጡት። ዳሱ ውስጥ ሲገባ ባርኔጣውን ነው መጀመሪያ ያወቅሁት። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፤ ብቻውን ነው። ጥሩወርቅ ከሞተች ሁለት ዓመቷ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት።

ተጫወተ። ድምፁ ሳስቷል፤ ደጋኑን ግን ያው ነው የሚይዘው። ወጣቶቹ አያውቁትም፤ ይሥቃሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ የፍቅር ስንኝ ይሰጡታል፤ እሱም እያንዳንዱን «ማን ልበል?» እያለ ይመርቃል። የልጅ ልጅ ያየሁ አሮጊት ነኝ፣ ምን እፈራለሁ ብዬ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። «ተቀበል፣ አያ ፈጠነ» አልኩ። ድምፄን ሲሰማ ቆመ። «ስንዴው ለራበው ነው ሲሉኝ ደስ እያለኝ» አልኩ፤ ሁለተኛዋን ስንኝ ሳልጨርስ ዕንባዬ ቀደመኝ። እሱ ጨረሰልኝ። እንደዚያ ቀን ባርኔጣውን አውልቆ፣ ቀስ አድርጎ አዜመው። ከዚያ ደጋኑን አነሣ፤ ዓይን ዓይኔን እያየ «ማን ልበል?» አለኝ። «የሺ በል» አልኩ ጮክ ብዬ፤ «ያን ጊዜም የኔ ነበረች፤ ፈርቼ ነው። አንተ ጆሮ ጠቢ አልነበርክም። ሰው ሁሉ ይስማኝ።»

ወጣቱ አልገባውም፤ ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። ስቀመጥ ያን ሁሉ ዘመን የተሸከምኩትን ያወረድኩ መስሎኛል። አያ ካሳው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «አንቺ የዋህ» አሉኝ። «ማንን ልትነግሪ ነው? ስትሰጪው እዚያው ነበርን። አሜን ብለን የለ። እንዳልጠራሽ ያላወቀ ማን አለ?» ዞሬ አየኋቸው። «እና ምነው?» አልኩ። «እሱን ካየን የካድነው ይታየናላ። እሱ ይሂድልን አልን» አሉኝ። ደነገጥኩ ብል አይገልጸውም። እኔ ምስጢር የደበቅሁ መስሎኝ ስንት ዓመት ራሴን በላሁ፤ ለካ ከተማው ሁሉ ያውቃል። እያወቀ ነው እበት የወረወረው። እያወቀ ነው ብርሌ የደፋው። ጥሩወርቅ በየቤቱ እየዞረች ስትለምን እያወቀ ነው በሩን የዘጋው።

ፈጠነ ማሲንቆውን እንደገና አነሣ። ማንም ግጥም አልሰጠውም፤ በራሱ ጀመረ። «ሚዛኑ ደህና ነው ሰፋሪው ዘመመ» አለ። አያ ካሳው ምርኩዛቸውን ጨበጡ። ሽማግሌው አዝማሪ በእርጋታ እስከ መጨረሻው አዜመና ደጋኑን አነሣ። ወደ አያ ካሳው ዞሮ፣ ያለ ቂም፣ እንደ ደንቡ፣ «ማን ልበል፣ አያ?» አላቸው። አያ ካሳው የቀበሌው ሹሞች የተቀመጡበትን አየት አደረጉ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ መሬት የለ፣ ስንዴ የለ፣ የሚሰረዝ ነገር የለ። «የራስህ ነው በል» አሉ። ፈጠነ ትንሽ ጠበቃቸው። ከዚያ ባርኔጣውን ራሱ ላይ አደረገ። «እንግዲያው የራሴ ነው» አለና ወደ ሙሽሮቹ ዞሮ ቀጠለ። ሠርጉ ሲያበቃ ልፈልገው ብወጣ ወንዙን ተሻግሮ ሄዷል። በዚያው ክረምት ሞተ አሉኝ፤ ቀብሩን አልደረስኩበትም።

ሚኒባሱ ውስጥ ይህ ሁሉ በሐሳቤ ሲመላለስ ላሊበላ ልንደርስ ምንም አልቀረን። ሰዎቹ አሁንም ያን ዘፋኝ እያነሡ ያማሉ፤ ባለ ነጠላዋ ሴት ከሁሉ ትብሳለች። ጠጋ ብዬ የሹፌሩን ትከሻ ነካ አደረግሁት። «ልጄ፣ ያን ዘፈን መልሰው» አልኩት። «እማማ፣ ሲቆጡ አላዩም እንዴ? ማን አስከፈተህ ሲሉኝ ምን እላለሁ?» «የሺ ናት በል» አልኩት። በመስተዋቱ ሽቅብ አየኝ። «የሺ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ» አልኩት፤ ኋላ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ አድርጌ።